ባስ ለሚባለው ዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ስትገዙ የሚያጋጥሙ ስህተቶች፦ መጀመሪያ ዘንጉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ

በቅርቡ አንድ ወጣት አብሮኝ ሐይቅ ዳር ወጣ። ዘንጉ አዲስ ነው፤ እጀታው ላይ ያለው ስስ ላስቲክ እንኳ ገና አልተላጠም። ክር የሚጠቀለልበት ሪሉም ያብረቀርቃል። ወረወረ። ክሩ ጫፍ ላይ የታሰረው ማባበያ (ዓሣ የሚያታልለው ሰው ሠራሽ ምግብ) አራት ሜትር ሳይሄድ እፊቱ ጠብ አለ፤ ሪሉ ላይ ያለው ክር ደግሞ ውሉ የጠፋበት ልቃቂት ሆነ። ተጋግዘን ፈታነው። እንደገና ወረወረ፤ ያው ሆነ። እስከ ረፋድ ድረስ ሲወረውር ከቆየበት ጊዜ ይልቅ ክር ሲፈታ የቆየበት ይበልጣል። በመጨረሻ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ “ለዚህ ነገር እጅ የለኝም መሰለኝ” አለኝ።

እጁ ምንም አልጎደለውም። ዘንጉን ተቀብዬ ከእጀታው ከፍ ብላ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አሳየሁት። ዘንጉ የተሠራው ከ10 እስከ 28 ግራም ለሚመዝን ማባበያ ነው። እሱ ያሰረው 3.5 ግራም የምትመዝን ትንሽዬ ነገር ነበረች። የእኔን ዘንግ ሰጠሁት። ያችኑ ማባበያ በሦስተኛው ሙከራ ሃያ ሜትር አሻገራት። ፊቱ ሲበራ ማየት ነበረባችሁ።

ይህን የምጽፈው እሱን አስቤ ነው። ብዙ ጀማሪዎችን ይዤ ወጥቻለሁ። ብዙዎቹ ባስ ማጥመድን የሚተዉት ዓሣ አጥተው ሳይሆን የማይስማሙ ዕቃዎች ገዝተው ስለሚሰለቹ ነው። ዘንግ፣ ሪል፣ ክርና ማባበያ ለየብቻ ሊገዙ ይችላሉ፤ ሥራቸው ግን አንድ ላይ ነው። አንዱ ካልተስማማ ሌሎቹ ሦስቱ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆኑ ዋጋ የላቸውም።

ዘንጉ ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ መግዛት

ይሄ ስህተት ያናድደኛል፤ አልደብቅም። ሰው ዘንግ ሊገዛ ይገባል። ያነሳዋል፣ ያወዛውዘዋል፣ ቀለሙን ያያል፣ “ጠንካራ ነው?” ብሎ ይጠይቃል። ሻጩም “በጣም!” ይለዋል። ከፍሎ ይወጣል። ማወቅ ያለበት ነገር ሁሉ ከአውራ ጣቱ ሦስት ጣት ከፍ ብሎ ተጽፎለት ነበር፤ አላየውም። ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁ መቁጠር ትቻለሁ።

ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይላል፦ ርዝመት 6 ጫማ ከ6 ኢንች፤ ሚዲየም፤ ፋስት፤ ክር ከ8 እስከ 14 ፓውንድ፤ ማባበያ ከ1/4 እስከ 5/8 አውንስ። በቃ ይኸው ነው። አንድ በአንድ እንየው።

ርዝመቱ ቀላል ነው። 6 ጫማ ከ6 ኢንች ማለት 1.98 ሜትር ነው፤ 7 ጫማ ደግሞ 2.13 ሜትር። ረዘም ያለው አርቆ ይወረውራል፤ አጠር ያለው ዛፍና ቁጥቋጦ በበዛበት ዳርቻ ይመቻል። በሁለቱ መሃል የሆነ ሁሉ ለመጀመሪያ ዘንግ ይሆናል፤ እዚህ ላይ ብዙ አትጨነቁ።

“ሚዲየም” የሚለው ኃይሉን ይነግራችኋል። ዘንጉን ለማጉበጥ ምን ያህል ጉልበት ይጠይቃል ማለት ነው። ላይት፣ ሚዲየም፣ ሚዲየም ሄቪ፣ ሄቪ እያለ ይወጣል። “ፋስት” የሚለው ደግሞ ዘንጉ የት ላይ እንደሚጎብጥ ይናገራል። ፋስት ከሆነ ጫፉ አካባቢ ብቻ ይጎብጣል፤ ሞደሬት ከሆነ እስከ ወገቡ ድረስ ይለመጣል። ሰዎች እነዚህን ሁለቱን ያምታታሉ። ፋስት ሲባል ሪሉ በፍጥነት ይጠቀልላል ማለት የመሰለው ሰው አጋጥሞኛል፤ አልፈርድበትም፤ ማንም አላስረዳውም።

የክሩ ፓውንድ ክሩ ሳይበጠስ የሚችለው ክብደት ነው። አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ የማባበያ ክብደት። ዘንግ እንደ ደጋን ነው። ወደ ኋላ ስታነሱት የማባበያው ክብደት ጫፉን ያጎብጠዋል፤ ወደ ፊት ስታመጡት ዘንጉ ሲቃና ማባበያውን ይዞት ይሄዳል። አርቆ የሚወረውረው የክንዳችሁ ጉልበት አይደለም፤ የጎበጠው ዘንግ ነው። ስለዚህ ማባበያው ዘንጉን ማጉበጥ ካልቻለ ደጋኑ አልተሳበም ማለት ነው። ሰውየው ያኔ በጉልበቱ ለማካካስ ይሞክራል፤ በጣም ያወናጭፋል፤ ክሩ ይተራመሳል፤ ትከሻው ያመዋል። ተቃራኒውም አለ። ጽሑፉ ከሚፈቅደው በጣም የከበደ ነገር አስራችሁ በኃይል ብትወረውሩ ዘንጉ ሊሰበር ይችላል። ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ከልብ አይጠፋም።

የውጭ ዕቃዎች ክብደትን በአውንስ ስለሚጽፉ ይህችን ስልካችሁ ላይ ያዙልኝ። 1 አውንስ 28 ግራም ነው። 1/8 አውንስ 3.5 ግራም፣ 1/4 አውንስ 7 ግራም፣ 3/8 አውንስ 10.5 ግራም፣ 1/2 አውንስ 14 ግራም ነው። ስታሰሉ ደግሞ ክር ላይ የተንጠለጠለውን ሁሉ ደምሩ። 7 ግራም ማስጠሚያና 10 ግራም የፕላስቲክ ትል አንድ ላይ 17 ግራም ናቸው። ዘንጉ የሚሸከመው ድምሩን ነው። እኔ መጀመሪያ ላይ ማስጠሚያውን ብቻ ነበር የምቆጥረው፤ ለምን ዘንጌ ሁሌም እንደተጨናነቀ ለመረዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ለመጀመሪያ ዘንግ የምመክረው ይህ ነው፦ ከ6 ጫማ ከ6 ኢንች እስከ 7 ጫማ፣ ሚዲየም፣ ፋስት፣ ማባበያው ከ1/8 ወይም ከ1/4 አውንስ ጀምሮ እስከ 5/8 የሚደርስ። በዚህ አንድ ዘንግ አብዛኛውን የባስ ማጥመጃ ዘዴ መማር ይቻላል።

“ትልቅ ዓሣ ቢመጣስ?” ብለው ሄቪ የሚገዙ አሉ። እሺ፣ እናስላው። ትልቅ አፍ ያለው የባስ ዝርያ (ላርጅማውዝ) የዓለም ክብረ ወሰን 10 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ጆርጅ ፔሪ በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ያዘው፤ ማናቡ ኩሪታ እ.ኤ.አ. በ2009 በጃፓን ቢዋ ሐይቅ እኩል ሊባል የሚችል ዓሣ እስኪያወጣ ድረስ የሚስተካከለው አልተገኘም። ይህ የክፍለ ዘመን ዓሣ ነው። እናንተ በመጀመሪያው ዓመት የምትይዙት አብዛኛው ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል ነው። ለዚያ ዓሣ ሄቪ ዘንግ መያዝ የዓሣውን እንቅስቃሴ እጃችሁ ላይ እንዳይሰማችሁ ማድረግ ነው። ትልቅ ከመጣም የሪሉ ፍሬን አለላችሁ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዘንጉን ከመግዛታችሁ በፊት ክሩ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች ውስጣቸውን በትንሽ ጥጥ ጥረጉ። ጥጡ የሆነ ቦታ ላይ ጭራ ጥሎ ከቀረ ቀለበቱ ተሰንጥቋል። ዓይን የማያየውን ስንጥቅ ጥጥ ያገኘዋል። ያ ስንጥቅ ክራችሁን በየውርወራው እየፋቀ ይጨርሰዋል።

ቤይትካስተርን የመጀመሪያ ሪል ማድረግ

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉት ይሄን ነው። ጎበዝ አጥማጆች ሲጠቀሙበት ስለሚያዩ ጀማሪዎች መጀመሪያ የሚመኙት ቤይትካስተር ነው። መመኘቱ መልካም። ግን ምን እንደሚያደርግ እንወቅ።

ቤይትካስተር ላይ ስትወረውሩ ክሩ የተጠቀለለበት ስፑል ራሱ ይሽከረከራል። ማባበያው አየር ላይ ፍጥነቱ ሲቀንስ ስፑሉ አያውቅም፤ መዞሩን ይቀጥላል። የሚወጣው ክር መሄጃ ያጣና እዚያው ይጠላለፋል። ይህን የሚያቆመው አውራ ጣታችሁ ነው። ስፑሉን በስሱ እየዳሰሰ፣ ማባበያው ውሃ ሊነካ ሲል ጫን ይላል። ይህ ስሜት በልምምድ ይመጣል፤ ግን ቋጠሮ፣ አወራወርና ዓሣ የሚገኝበትን ቦታ በምትማሩበት ወር ላይ አትጨምሩት።

ስፒኒንግ ሪል ላይ ስፑሉ አይዞርም። ክሩ ከጫፉ እየተፈታ ይወጣል። ቀላል ማባበያ በደንብ ይወረውራል፤ ነፋስ ላይም ይቅር ባይ ነው። መጠኑ 2500 ወይም 3000 የሚል ግዙ። ለባስ ይህ ይበቃል። አንዲት ልማድ ብቻ ከመጀመሪያው ቀን ያዙ፦ ከወረወራችሁ በኋላ ክሩን የሚይዘውን የሽቦ ቅስት በእጃችሁ ዝጉት። እጀታውን በማዞር ከዘጋችሁት ክሩ ቀስ በቀስ ይጠማዘዛል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ጥምዝምዙ ተጠራቅሞ ክሩ ትንንሽ ቀለበት እየሠራ ይቋጠርባችኋል።

ቤይትካስተር አትግዙ እያልኩ አይደለም። ሣር ውስጥ 15 ፓውንድና ከዚያ በላይ ክር፣ ከ10 ግራም በላይ ማባበያ መጠቀም ስትጀምሩ ትፈልጉታላችሁ። ያኔ ስትገዙት ጎኑ ላይ ያለውን ማጥበቂያ እንዲህ አስተካክሉት። ማባበያውን አስራችሁ ዘንጉን አግድም ያዙ፤ የስፑሉን መልቀቂያ ተጫኑ። ማባበያው ቀስ ብሎ ወርዶ መሬት ሲነካ ስፑሉ አብሮ መቆም አለበት። ከዚያ በኋላ መዞሩን ከቀጠለ ትንሽ አጥብቁ። ማባበያ በቀየራችሁ ቁጥር ይህን ድገሙት።

ሪል ላይ “ይህን ያህል ኩሽኔታ አለው” የሚለውን ቁጥር ደግሞ እርሱት። የኩሽኔታ ብዛት የሪሉን ጥራት አይነግራችሁም። እጀታውን ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ ካልተንገጫገጨና ወዲያ ወዲህ ካላለ ጥሩ ነው።

ክር ላይ መቆጠብ

ሰው ዘንግና ሪል ላይ ያለውን ሁሉ ያወጣና ክር ሲደርስ የተገኘውን ያጠቀልላል። እናንተንና ዓሣውን የሚያገናኘው ብቸኛ ነገር እኮ ክሩ ነው!

ሦስት ዓይነት አለ። የመጀመሪያው ናይለን ነው። ናይለን እ.ኤ.አ. በ1938 ለሕዝብ ይፋ የሆነ ነገር ነው፤ እስከ ዛሬም ለጀማሪ የሚስተካከለው የለም። ይለጠጣል፤ ለስላሳ ነው፤ በደንብ ይቋጠራል። መለጠጡ ስህተታችሁን ይውጥላችኋል። በጣም ብትጎትቱም ዓሣው አፍ ላይ ያለው መንጠቆ ቶሎ አይነቀልም።

ሁለተኛው ፍሎሮካርቦን ነው። ለማጥመጃ ክር የዋለው እ.ኤ.አ. በ1971 በጃፓን ነው። ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን 1.42 ነው፤ የውሃ 1.33፣ የናይለን ደግሞ 1.5 አካባቢ። ስለዚህ ከናይለን ይልቅ ውሃ ውስጥ ይሰወራል። ይሰምጣል። ነገር ግን ደረቅ ነው። ወፍራሙን ስፒኒንግ ሪል ላይ ከሞላችሁት እንደ ሽቦ እየተፈናጠረ ያስቸግራችኋል።

ሦስተኛው ጉንጉን ክር ነው። ከቀጫጭን የፖሊኤትሊን ቃጫዎች ተጎንጉኖ ይሠራል። የ30 ፓውንዱ ውፍረት የ8 ፓውንድ ናይለን ያህል ነው። አይለጠጥም ማለት ይቻላል፤ ዓሣው ማባበያውን ሲነካው ወዲያው እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል። ችግሩ በጠራ ውሃ መታየቱ ነው። ለዚህ ጫፉ ላይ አንድ ሜትር ያህል ፍሎሮካርቦን ይቀጠልለታል። ሌላም አለ። ጉንጉን ክር በቀጥታ ልሙጥ ስፑል ላይ ከተጠቀለለ ሁሉም አንድ ላይ ይንሸራተታል። ዓሣው ይጎትታል፣ እናንተ ታጠነክራላችሁ፣ ክሩ ግን መውጣቱን አያቆምም፤ ሪሉ የተበላሸ ይመስላችኋል። መጀመሪያ ጥቂት ሜትር ናይለን ጠቅልላችሁ ጉንጉኑን በላዩ ቋጥሩ።

የእኔ ምክር፦ የመጀመሪያውን ዓመት 8 ወይም 10 ፓውንድ ናይለን ተጠቀሙ። ይበቃል። ከዚያ ወደ ጉንጉን ክር ብትሄዱ ልዩነቱ ይገባችኋል።

ክር ያረጃል። ናይለንን ፀሐይ ይበላዋል። መኪና መስኮት ሥር አንድ በጋ የከረመ ክር አዲስ ይመስላል፤ ሲጎተት ግን እንደ ቆየ የልብስ ስፌት ክር ይበጠሳል። ቢያንስ በዓመት አንዴ ለውጡት። ባስ ደግሞ እንደ ውሻ የሚነክስ ጥርስ የለውም እንጂ አፉ ውስጥ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚፍቁ ጥቃቅን ጥርሶች አሉት። ዓሣ በያዛችሁ ቁጥር የመጨረሻውን አንድ ሜትር በሁለት ጣታችሁ መሃል ሳቡት። ሻካራ ነገር ከተሰማችሁ ቆርጣችሁ እንደገና እሰሩ። ሰነፍ አትሁኑ፤ ቀጣዩ ዓሣ ትልቁ ሊሆን ይችላል።

ስፑሉን እስከ አፉ አትሙሉት። ከጠርዙ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይበል። ከሞላ ክሩ በአንድ ጊዜ እየተዘረገፈ ይወጣል፤ በጣም ካነሰ ደግሞ ጠርዙ ላይ እየተፋተገ አይርቅም።

ቋጠሮ ሳያረጥቡ ማጥበቅ

ይህን ስህተት ሠርቼዋለሁ፤ ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል። ጎሕ ሲቀድ ነበር። ውሃው ጸጥ ብሏል። የወደቀ ዛፍ ጎን ላይ የጣልኩትን ትል አንድ ነገር ይዞት ወደ ጎን ሄደ። ሳብኩ። ዘንጉ እስከ ወገቡ ጎበጠ። ዓሣው ከውሃ በላይ ብቅ ብሎ ጭንቅላቱን ሲያወዛውዝ አየሁት፤ አፉ ሁለት ቡጢ የሚያስገባ ይመስል ነበር። ከዚያ ክሩ ቀለለ።

ጎትቼ ጫፉን ሳየው አልተቆረጠም። እንደ ስፕሪንግ ተጠቅልሏል። ያ ምልክት አይዋሽም። ክር ሲበጠስ ጫፉ ድፍን ያለ ነው፤ ድንጋይ ወይም እንጨት ሲፍቀው ይቦጫጨቃል። እንደ ስፕሪንግ ከተጠቀለለ ግን ቋጠሮው ተፈትቷል ማለት ነው። ያን ዓሣ የለቀቅኩት እኔ ነኝ። በጨለማ ቸኩዬ አሰርኩ፤ አላረጠብኩም፤ አልሞከርኩም። የቸኮለች ጅብ ቀንድ ትነክሳለች የሚባለው እውነት ነው።

ደረቅ ክር ሲጠብቅ እርስ በርሱ ይፋተጋል፤ ፍትጊያው ይሞቃል፤ ሙቀቱ ክሩን ያደክመዋል። ፍሎሮካርቦን በተለይ ይህን አይችልም። ከማጥበቃችሁ በፊት ቋጠሮውን በምራቃችሁ አርጥቡት፤ ከዚያ ቀስ ብላችሁ፣ ሳትነጥቁ ሳቡ።

አንድ ቋጠሮ ብቻ ተማሩ ብባል ፓሎማር እላለሁ። ክሩን አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል አጥፋችሁ ድርብ አድርጉት። ድርቡን በመንጠቆው ዓይን ውስጥ አሳልፉ። ልቅ የሆነ ተራ ቋጠሮ ቋጥሩበት። አሁን ጫፉ ላይ ያለውን ቀለበት በሙሉ መንጠቆው ላይ አሻግሩት። አርጥቡ፤ ሁለቱንም ጫፎች አንድ ላይ ሳቡ፤ ትርፉን ቁረጡ። ለናይለንም፣ ለፍሎሮካርቦንም፣ ለጉንጉን ክርም ይሠራል። ቤት ቁጭ ብላችሁ ሃያ ጊዜ እሰሩት፤ ጨለማ ውስጥም እስክትችሉት።

ማባበያ መሰብሰብ

ሣጥኑ ሲከፈት የሱቅ መስኮት የሚመስል ጀማሪ አውቃለሁ። ስልሳ ማባበያ አለው። አንድ ሰዓት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ሲቀያይር ቆጥሬዋለሁ። ማባበያው ውሃ ውስጥ ከቆየበት ጊዜ ሣጥን ውስጥ የቆየበት ይበልጣል። ልጁን እወደዋለሁ፤ ጉጉቱ ደስ ይላል። ግን አንዱንም ማባበያ አያውቀውም።

ፔሪ ያን ክብረ ወሰን የያዘ ቀን ከጓደኛው ጋር አንድ ዘንግ እየተቀባበሉ ነበር ይባላል። ይህን ሁሌ እነግራቸዋለሁ።

ለመጀመር አራት ይበቃሉ። አንደኛ፣ 5 ኢንች ማለትም 12.7 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ለስላሳ የፕላስቲክ ትል፣ በሁለት ቀለም። አረንጓዴ ወደ ቡናማ የሚያደላው ለጠራ ውሃ፣ ጥቁሩ ለደፈረሰ። ሁለተኛ፣ 3/8 አውንስ ነጭ ስፒነርቤይት፣ ማለትም ሲጎተት የሚሽከረከር ቅጠል መሰል ብረት ያለው ማባበያ፤ ነፋስ ሲነፍስና ውሃው ሲናወጥ። ሦስተኛ፣ ክራንክቤይት፣ ማለትም ከፊቱ ምላስ ያለው ጠንካራ ማባበያ፣ ምላሱ አራት ማዕዘን የሆነው፤ ጥልቀት በሌለው ውሃ እንጨትና ድንጋይ እየነካካ ያልፋል። የክራንክቤይት ምላስ በረዘመና በሰፋ ቁጥር ጠልቆ እንደሚሄድ አትርሱ። አራተኛ፣ ውሃ ላይ እየተንሳፈፈ የሚረጭ አንድ ማባበያ፤ ለማለዳና ለምሽት። ባስ ከታች ተወርውሮ ሲመጣበት ማየት ሌላ ነገር ነው።

ከአራቱ አንዱን ብቻ ምረጡ ካላችሁኝ ትሉን እላለሁ። ኒክ ክሪም የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1949 በአሜሪካ አክሮን ከተማ ለስላሳውን የፕላስቲክ ትል ከሠራ ወዲህ ባስ ማጥመድ እንደ ድሮው አልሆነም። በትሉ ላይ የሚሠራው ስህተት አንድ ነው፦ የመንጠቆውን ጫፍ ውጭ መተው። ቴክሳስ ሪግ በሚባለው አሠራር ጫፉ ተመልሶ ትሉ ሥጋ ውስጥ መደበቅ አለበት። ያኔ ሣርና ቅርንጫፍ ውስጥ ያልፋል። ውጭ ከተዋችሁት የመጀመሪያው እንጨት ይወስደዋል።

የመንጠቆ ቁጥር

የመንጠቆ ቁጥር አቆጣጠር ያሳስታል። 6፣ 4፣ 2፣ 1 እያለ ቁጥሩ ሲያንስ መንጠቆው ይተልቃል። ከ1 በኋላ ደግሞ 1/0፣ 2/0፣ 3/0 እያለ ቁጥሩም መንጠቆውም አብረው ያድጋሉ። “3 አምጣልኝ” እና “3/0 አምጣልኝ” በፍጹም የተለያየ ነገር ነው። ለ5 ኢንቹ ትል አንገቱ የተሰበረና ሆዱ ሰፊ የሆነ 3/0 መንጠቆ ይስማማዋል። ሆዱ ጠባብ ከሆነ ትሉ ራሱ ቦታውን ይሞላና ጫፉ ወጥቶ ዓሣውን አይወጋም።

ስለቱን በአውራ ጣታችሁ ጥፍር ሞክሩት። ጫፉን ጥፍሩ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡት። ከያዘ ስል ነው። ከተንሸራተተ ደንዟል፤ ሳሉት ወይም ጣሉት።

ማስጠሚያውን የእርሳስ ከሆነ በጥርሳችሁ አትጫኑት። እርሳስ መርዝ ነው። የውሃ ወፎች የጠፋ እርሳስ እየዋጡ ስለሚሞቱ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1987 አብዛኛውን የእርሳስ ማስጠሚያ ከልክላለች። ቱንግስተን የሚባለው ከባድ ብረት የተሻለ ነው። እርሳስ በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 11.3 ግራም ሲመዝን ቱንግስተን 19.3 ይመዝናል፤ ስለዚህ ያው ክብደት በጣም አነስ ብሎ ይመጣል፤ ሣር ውስጥ በቀላሉ ያልፋል፤ ታች ያለው ድንጋይ ይሁን ጭቃም የበለጠ ያሳውቃችኋል።

ድራጉን ግጥም አድርጎ መዝጋት

ድራግ የሪሉ ፍሬን ነው። ዓሣ ከልክ በላይ ሲጎትት ክር እየለቀቀ እንዳይበጠስ ያደርጋል። ጀማሪው ዓሣ እንዳይሄድበት ፈርቶ እስከ መጨረሻው ያጠብቀዋል። ክሩ ይበጠሳል፤ ያኔ ዓሣው ከነመንጠቆው ይሄዳል።

ልኩ የክሩ ጥንካሬ ከሩብ እስከ ሲሶ ነው። 10 ፓውንድ ክር 4.5 ኪሎ ይችላል፤ ድራጉ ከ1.1 እስከ 1.5 ኪሎ ሲጎተት መልቀቅ አለበት። በትንሽ የመንጠልጠያ ሚዛን ክሩን ሳቡና አስተካክሉ። ቤት ስትገቡ ደግሞ አላሉት፤ ውስጡ ያሉት ዲስኮች ተጣብቀው እንዳይከርሙ።

የሚረሱ ዕቃዎች

ረጅም አፍንጫ ያለው ፒንሳ። ያለ እሱ አትውጡ። መንጠቆ ጠልቆ የዋጠ ዓሣ በጣት ሲፈለፈል ማየት ያሳዝነኛል። ክር መቁረጫም ያዙ፤ ጥርሳችሁ ለዚያ አልተሠራም።

ፖላራይዝድ መነጽር የውሃውን አንጸባራቂ ያጠፋላችኋል፤ የሰመጠው እንጨት፣ የሣሩ ጠርዝ፣ አንዳንዴም ዓሣው ራሱ ይታያል። ከዚያ በላይ ግን ዓይን ያድናል። ባለ ሦስት አፍ መንጠቆ ያለው ማባበያ ከቅርንጫፍ ሲላቀቅ በቀጥታ ወደ ሳበው ሰው ነው የሚመጣው። ጀልባ ላይ ከሆናችሁ የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ልበሱት፤ መቀመጫ አታድርጉት። የምታጠምዱበት ውሃ የሚፈልገውን ፈቃድና የሚፈቅደውን የዓሣ መጠንም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

መረብ ከገዛችሁ ጎማ የተቀባውን ምረጡ። የክር መረብ የዓሣውን አንሸራታች ሽፋን ይገፋል፤ መንጠቆውም ይጠላለፍበታል። ባስን የታችኛውን ከንፈሩን በአውራ ጣት ይዞ ማንሳት ይቻላል። ከበድ ካለ ግን ሌላው እጃችሁ ሆዱን ይደግፈው። በመንጋጋው ብቻ አግድም የተንጠለጠለ ትልቅ ባስ መንጋጋው ይጎዳል። እጃችሁን መጀመሪያ ውሃ ንከሩ።

ሣጥኑ ላይ አንድ የመጨረሻ ነገር። የፕላስቲክ ትሎችን ከጠንካራ ማባበያዎች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አታስቀምጡ። አንድ ጊዜ ሣጥኔን ለብዙ ሳምንት ሳልከፍተው ቆየሁ። ስከፍተው ሁለት ትሎች የምወደው ክራንክቤይት ጀርባ ላይ ቀልጠው ተጣብቀዋል። ላላቅቃቸው ስሞክር ቀለሙ ጣቴ ላይ ቀረ። ለስላሳው ፕላስቲክ ውስጥ ያለው ማለስለሻ ቀለሙንም ጠንካራውን ፕላስቲክም ያሟሟል። ትሎቹን በመጡበት ከረጢት ውስጥ ተዉአቸው። ውሃ የነካውን ማባበያም ሳይደርቅ ሣጥን ውስጥ አትክተቱ፤ በማግስቱ መንጠቆዎቹ ዝገው ታገኟቸዋላችሁ።